የሌሊቱ ድምፅ፦ ስለ አሜሪካ የሚሊሻ ሬዲዮ የቀረበ ሂስ

ሬዲዮ በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል ወይ? የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ አንባቢዎቻችን ዘንድ እንደሚነሣ እናውቃለን። በእጅ ለምትጻፍ፣ ከእጅ ወደ እጅም ለምትዞር ለዚህች መጽሔት የሚበቃ ልብ ወለድና ግጥም ጠፍቶ ነው ወይ የሚሉንም አይታጡም። መልሳችን አጭር ነው። መግቢያ ያለው፣ ባለታሪክ ያለው፣ አድማጩን ይዞ ለማቆየት ታስቦበት የተቀነባበረ ንግግር ሁሉ ሂስ ይገባዋል። ደግሞም እዚህ ካኩማ ውስጥ ከመጽሐፍ ይልቅ ድምፅ በቀላሉ እንደሚገኝ የታወቀ ነው።

ለዛሬ የመረጥናቸው በ1990ዎቹ ከአሜሪካ ምድር በአጭር ሞገድ ይሠራጩ የነበሩትን፣ መሣሪያችሁን አትስጡ፣ ተደራጁ፣ ለሚመጣው ጦርነት ስንቅ አዘጋጁ እያሉ የሚያመሹትን ፕሮግራሞች ነው። ቅጂዎቹ በሜሞሪ ካርድ ተገልብጠው ወደ ሠፈራችን ከገቡ ሰንብተዋል። ከወጣቶቻችን ከፊሎቹ እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል፣ ከፊሎቹ ደግሞ ነገሩ ጥሟቸው ያዳምጧቸዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። ሚሊሻ ሲባል በዕድሜ የገፉት አባሎቻችን የሚያስታውሱት፣ በ1977 ደርግ ከየገጠሩ ጠርቶ፣ ታጠቅ ጦር ሠፈር አሠልጥኖ፣ ወደ ጦር ግንባር የላከውን ገበሬ ነው። የእኛ ሚሊሻ መንግሥት የጠራው ነበር። የአሜሪካኖቹ ሚሊሻ ግን መንግሥትን የሚጠረጥር፣ ራሱን በራሱ የጠራ ነው። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው ሁለተኛ ማሻሻያ፣ በሚገባ ስለተደራጀ ሚሊሻና ሕዝቡ መሣሪያ ስለመያዝ መብቱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አጣምሮ ስለሚናገር፣ መብቱ የማኅበር ነው ወይስ የግለሰብ? እየተባለ ሲያከራክር ኖሯል። የግለሰብም መብት ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በግልጽ የወሰነው በ2008 ነው። ሰዋስው ስናስተምር ለኖርን ሰዎች ይህ ራሱ ያስደንቃል፤ አንዲት ነጠላ ሠረዝ ስንቱን ዳኛ አደከመች!

ፍርሃታቸው ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም፤ ይህን ሳይቀበሉ መሄስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በኦገስት 1992 አይዳሆ ውስጥ ሩቢ ሪጅ በተባለ ሥፍራ፣ የፌዴራል መንግሥት ሰዎች በመሣሪያ ወንጀል የተከሰሰን አንድ አባወራ ለመያዝ ሄደው በተከፈተው ተኩስ የ14 ዓመት ልጁ፣ ሚስቱና አንድ የመንግሥት መኮንን ሞቱ። ሚስቲቱ ጥይት ሲያገኛት ሕፃን ታቅፋ ነበር። በ1995 መንግሥት ለቤተሰቡ 3.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ1993 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ዌኮ አጠገብ የአንድ ሃይማኖታዊ ቡድን መኖሪያ ለ51 ቀናት ተከቦ ቆይቶ፣ ኤፕሪል 19 ቀን በእሳት ሲጋይ በውስጡ የነበሩ 76 ሰዎች አለቁ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። በዚያ ላይ ሽጉጥ ገዢ አስቀድሞ እንዲጣራ የሚያዝ ሕግ በ1993፣ በጦር ሜዳ ጠመንጃ አምሳያ የተሠሩትን አንዳንድ መሣሪያዎች የሚያግድ ሕግ በ1994 ወጣ። የሞንታናና የሚሺጋን ሚሊሻዎች የተቋቋሙት በዚሁ በ1994 ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የአየር ሰዓት ከወዴት አገኙ? ገዙ። ቴኔሲ ውስጥ ናሽቪል ከተማ የሚገኘው ደብልዩ ደብልዩ ሲ አር የተባለ ጣቢያ፣ 100 ኪሎዋት ጉልበት ባላቸው ማሠራጫዎቹ፣ ለከፈለ ሁሉ ሰዓት ይሸጥ ነበር። ሰባኪውም፣ ወርቅ ሻጩም፣ ታጣቂውም ተራ በተራ ይናገሩበታል። በመደበኛ ጣቢያዎችም ላይ አከራካሪ ጉዳይ ሲነሣ የተቃራኒውም ወገን ሐሳብ እንዲደመጥ ያስገድድ የነበረው የቆየ ደንብ በ1987 ተሽሮ ስለነበር፣ የአንድ ወገን ወሬ ዋና ሸቀጥ የሆነበት ዘመን ነበር።

ከሁሉም የላቀው፣ እንደ ጥበብም ሊመዘን የሚገባው ዊልያም ኩፐር ነው። በ1943 የተወለደ፣ በቬትናም የዘመተ የቀድሞ ባሕረኛ ነው። «የጊዜው ሰዓት» የተባለው ፕሮግራሙ ሲከፈት ሰላምታ የለም። በመጀመሪያ የአየር ጥቃት ሳይረን ያለቅሳል። ቀጥሎ ውሾች ይጮኻሉ። ከዚያ የብዙ ሰዎች እግር መሬት ሲረግጥ ይሰማል። ይህ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው የለም፤ አድማጩ በጨለማ ውስጥ ሥዕሉን ራሱ ይሥላል። ይህን መግቢያ ያቀናበረ ሰው ሙያውን ያውቃል። ብዙ ደራሲ በአሥር ገጽ የማያመጣውን ድንጋጤ በአንድ ደቂቃ ያመጣዋል።

ግን ለማን? በክበባችን ቅጂው በተከፈተ ማታ ከመካከላችን አንዲት እናት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅም አልተመለሰችም። ኩፐር ይህችን ሴት አላሰባትም። ያሰበው ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ፣ በሩ ተቆልፎለት፣ ማቀዝቀዣው ሞልቶለት የሚያዳምጠውን ነው። ለዚያ ሰው ሳይረኑ ቅመም ነው፤ ፍርሃትን እየቀመሰ ያመሻል። የቅርጹ ድካም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ድንጋጤ በየማታው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዜማ ከመጣ ልማድ ይሆናል፤ ልማድ የሆነ ድንጋጤ ደግሞ በየጊዜው መጠኑን ካልጨመሩለት አይሠራም። እውነትም ፕሮግራሙን በተከታታይ የሰማ ሰው ዱለታው ሲሰፋ፣ ጠላቱ ሲበዛ፣ ቀኑ ሲቀርብ ይሰማል።

ከሳይረኑ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ዝግ ያለና የረጋ ነው። አይቸኩልም። ዝም ይላል፤ አድማጩ ሄደ ወይ? ብሎ ሬዲዮውን ሊነካ ሲል ይመለሳል። የአጭር ሞገድ ባሕርይም ያግዘዋል፦ ድምፁ ከሰማይ እየነጠረ ስለሚመጣ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ይሰጥማል፣ ይወጣል። ጆሮውን አስጠግቶ ያደመጠ ሰው ደግሞ ምሥጢር የተነገረው ይመስለዋል። አባቶቻችን ሌሊት ድምፁን ዝቅ አድርገው የውጭ አገር ጣቢያ ሲያዳምጡ ያደጉ ልጆች ይህን ስሜት ያውቁታል።

አንዳንድ የክበባችን ወጣቶች ይህ የፈረንጅ ፉከራ ነው አሉ። ንጽጽሩ መልካም ቢሆንም ልዩነቱ ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል። ፎካሪ የሚፎክረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው። በሠርግ ወይም በለቅሶ መካከል ተነሥቶ ሲያቅራራ፣ አባቱን የሚያውቅ፣ የት እንደዋለ የሚያውቅ፣ ከየት እንደሸሸም የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። ካበዛው የሚሥቅ አለ። የሬዲዮው ሰው ግን ብቻውን ነው። ስልክ የሚደውል ቢኖር የስልኩ ቁልፍ በእጁ ነው፤ ያልወደደውን በጣቱ ይዘጋዋል። ደግሞም ፎካሪው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ የጠላቱንም እንዲሁ። በዚህ ሬዲዮ ውስጥ ጠላት ስም የለውም። «እነሱ» ነው የሚባለው። እነሱ ሊመጡ ነው፣ እነሱ ዝርዝር ይዘዋል፣ እነሱ ካምፕ ሠርተዋል። ተውላጠ ስም የሚተካው ስም ሳይጠቀስ ከገባ ስሕተት ነው ብለን በክፍል ውስጥ የምናርመው ነገር እዚህ ዋነኛ የአጻጻፍ ስልት ሆኗል።

ኩፐር ማንንም አትመኑ፣ እኔንም ጭምር፣ ራሳችሁ መርምሩ ይላል። ለመምህር ጆሮ ይህ ወርቅ የሆነ ንግግር ነው። ነገር ግን በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለውን፣ አይሁድን ለማስጠላት የተፈበረከና ሐሰተኛነቱ በ1921 በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የተጋለጠ ጽሑፍ እንዳለ አትሞታል፤ አይሁድ የሚለውን ምሥጢራዊው ማኅበር ብላችሁ አንብቡት የሚል ማሳሰቢያም ጨምሮበታል። ሰባ ዓመት የቆየ ውሸት ስሙን ቀይሮ ሲቀርብ መርምሩ ያለው ሰው ራሱ አልመረመረም። ደጋፊዎቹ በጁን 2001 ትልቅ ጥቃት ይደርሳል፣ በቢን ላደንም ይሳበባል ማለቱን እየጠቀሱ ነቢይ ያደርጉታል። ማለቱ እውነት ነው። ሆኖም ለዓመታት በየማታው ጥፋት መጣ ሲል የኖረ ሰው አንድ ማታ ቢገጥምለት፣ የቀሩትን ማታዎች ማን ይቈጥራቸዋል?

የቀሩት አቅራቢዎች በጥበብ ከእሱ ያንሳሉ። በዋተርጌት ጉዳይ የታሰረው ጎርደን ሊዲ በ1994 በመደበኛ ሬዲዮ፣ የመሣሪያ ተቆጣጣሪዎች ታጥቀው ቤታችሁ ከመጡ ሰደርያቸው ጥይት አያስገባምና ራሳቸውን ምቱ ብሎ ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት የውይይት ሬዲዮ አቅራቢዎች ማኅበር የንግግር ነፃነት ሽልማት ሰጠው። የሚሺጋኑ ማርክ በመባል የታወቀው ማርክ ከርንኪ ደግሞ የስለላ ሪፖርት በሚመስል ቋንቋ ስለ ውጭ አገር ወታደሮች ወረራ ያትት ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ የበለጠ የሚባል አናገኝም።

በኤፕሪል 19 ቀን 1995፣ ዌኮ በተቃጠለበት በሁለተኛው ዓመት፣ ቲሞቲ ማክቬይ ኦክላሆማ ከተማ በሚገኘው የፌዴራል ሕንፃ ደጃፍ ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና አቆመ። 168 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም 19ኙ ልጆች ነበሩ፤ በሕንፃው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ነበርና። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከአምስት ቀን በኋላ ሚኒያፖሊስ ላይ ባደረጉት ንግግር በአየር ላይ ጥላቻ የሚዘሩትን ወቀሱ፤ የናሽቪሉ ጣቢያም ከርንኪን ከአየር አወረደ። ማክቬይን ሬዲዮ አዘዘው ልንል አንችልም፤ ማስረጃ የለንም። እኛ የምንለው ስለ ድርሰቱ ነው። «እነሱ» የሚለው ቃል ፊት የለውም፤ ያ ሕንፃ ግን ፊት ነበረው፤ ሁለተኛ ፎቁ ላይ ጡጦና አልጋ ነበር።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተን እሱ ነውና። ከንግግሩ መካከል ማስታወቂያ ይገባል። የደረቀ ምግብ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ጄኔሬተር፣ የወርቅ ሳንቲም። ኮምፒዩተሮች ሁሉ በ2000 መባቻ ይቆማሉ በተባለ ጊዜ ገበያው ደራ። በዚያች ሌሊት የቴክሳሱ አሌክስ ጆንስ ዓለም እየተናወጠች ነው እያለ ሲያሠራጭ አደረ፤ ኩፐር ውሸታም ብሎ አጋለጠው፤ ይህን ለኩፐር እንቈጥርለታለን። ጆንስ ግን ኩፐር ከሞተም በኋላ የደረቅ ምግቡንና የኪኒኑን ንግድ አስፋፍቶ፣ በ2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች የተገደሉበትን ድርጊት ድራማ ነው እያለ ቆየ፤ በ2022 ፍርድ ቤቶች ለሟች ቤተሰቦች ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ፈረዱበት።

የዝግጅቱ ዝርዝር እንደ ድርሰት ሲነበብ ባለታሪኩ አንድ ወንድ ነው። ጠመንጃ አለው፣ የታሸገ ቦርሳ አለው፣ ምድር ቤት አለው። አሮጊት እናት የለችውም። የታመመ ልጅ የለውም። የክበባችንን አባሎች ከቤት ስትወጡ ምን ያዛችሁ? ብለን ጠየቅናቸው። አንዱ የቤቱን ቁልፍ ነው የያዘው፤ እስካሁንም አለ። አንዱ ዲፕሎማውን በፌስታል ጠቅልሎ ነበር። አንዷ ጀበና። አንዷ ደግሞ ያንን ዕለት ልትጋግረው የነበረውን ሊጥ ከነቡሐቃው አዝላ ሁለት ሰዓት ከተጓዘች በኋላ ነው የጣለችው፤ ይህን ስትናገር ሁላችን ሣቅን፣ እሷም ሣቀች። ከመካከላችን ጠመንጃ ይዞ የወጣም ነበር። እሱ የነገረን መንገድ ላይ ሸጦ ለአሻጋሪው መክፈሉን ነው። በየትኛውም ታሪክ ውስጥ ውሃ የሰጠች ሴት አለች፣ መንገድ የሚያውቅ እረኛ አለ፣ ቋንቋውን የማንችለው ሰው ጥግ ሰጥቶናል። የሬዲዮው ዝርዝር ውስጥ ግን ሰው የሚባል ዕቃ የለም። ጎረቤት ቢጠቀስ ስንቅህን ሊቀማ የሚመጣ ሆኖ ነው። ይህ የምናብ ድህነት ነው። ስለ ስደት የሚጽፍ ሰው ስደትን አልጠየቀም።

ከሩዋንዳ የመጡት ጎረቤቶቻችን ይህን ሂስ ሲሰሙ ስለ ራሳቸው ሬዲዮ አነሡልን። በጁላይ 1993 የጀመረው አር ቲ ኤል ኤም በቀልድና በሙዚቃ ወጣቱን ከሳበ በኋላ፣ በ1994 የሰው ስምና መኖሪያ እየጠራ ሲያስገድል ነበር፤ የአሩሻው ፍርድ ቤት በ2003 በመሥራቾቹ ላይ ፈረደ። ሁለቱን አንድ ማድረግ ግን አይገባም። የኪጋሊው ሬዲዮ ከበስተኋላው ሥልጣንና ገጀራ ነበረው፤ የናሽቪሉ በሥልጣን ላይ የሚጮኽ ነበር። የሚመሳሰሉት አድማጫቸውን መታ አድርገው ሳትቀደም ቅደም በማለታቸው ነው።

ስለ ኩፐር ፍጻሜ ወጣቶቻችን ደጋግመው ይጠይቁናል። በ1998 በግብር ጉዳይ ተከሶ እጁን አልሰጥም ብሎ፣ አሪዞና ውስጥ ኢጋር በምትባል ትንሽ ከተማ ካለው ኮረብታ ቤቱ ማሠራጨቱን ቀጠለ። የፌዴራል መንግሥት ሌላ ዌኮ እንዳይፈጠር ይመስላል፣ ሄዶ አልከበበውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይመጣል ያለው ሠራዊት አልመጣም። በኖቬምበር 2001 ሌሊት የመጡት የአውራጃው ፖሊሶች ናቸው፤ የመጡትም ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ተጣልቶ በመሣሪያ አስፈራርቷል በሚል ክስ ነው። ተኩስ ተከፈተ፤ አንዱን ፖሊስ ራሱ ላይ መትቶ ክፉኛ አቈሰለው፤ እሱም እዚያው ሞተ። ዕድሜው 58 ነበር።

ከክበባችን አንዳንዶቹ ቅጂዎቹ ይጥፉ ይላሉ። እኛ አንስማማም፤ የሚሻለው እያቋረጡ ማዳመጥ ነው። «እነሱ» በተባለ ቁጥር ስልኩን አቁሞ እነማን? ብሎ መጠየቅ፤ ከዚያም መቀጠል። ማክሰኞ ማታ በዚሁ ዓይነት ሦስተኛውን ቅጂ እናዳምጣለን። መግቢያውን ዘለን እንጀምራለን፤ እንዲያ ካልሆነ ነጠላዋን ሰብስባ የወጣችው እናት አልመጣም ብላለችና።