ባልነካው የሚታወቅ መካኒክ

እኛ አገር የሚመሰገነው መካኒክ የሞተውን የሚያስነሣ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ከሌላ መኪና ይፈታል፣ ይቀጠቅጣል፣ ይበይዳል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። የደህንነት ቀበቶ ላይ ግን ይኸው ጥበብ አደገኛ ነው። የሃይሉክስ ደብል ጋቢና ቀበቶ ተሠርቶ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማጣራው ባለሙያው ምኑን እንዳልነካው ነው።

የተለመደው አቤቱታ «ቀበቶው አልጠቀለል አለ» የሚል ነው። ኮረኮንች ላይ የሚውል ፒክአፕ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞላው አይደለም፤ ከትከሻ በላይ ባለው ቀለበት ላይ ላብና አቧራ ተጋግሮ ነው። ጥሩ እጅ ቀለበቱንና ጥብጣቡን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ያጥባል፣ ዘርግቶ በጥላ ያደርቃል፣ ከዚያ ይፈርዳል። በረኪና የሸተተ ቀበቶ አልቀበልም፤ ክሩን ያደክመዋል። መጠቅለያው ውስጥ ዘይት ያንጠባጠበም ሰው ያው ነው፤ ዘይቱ አቧራ ሲጠጣ ይብስበታል።

መጠቅለያው ተፈትቶ በእጅ ሲያዝ ቀበቶውን አልለቅም ሊል ይችላል። ባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ መዘንበልን የሚያውቅ ትንሽ ኳስ ወይም ፔንዱለም አለ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 16 መሠረት እንዲህ ያለው መጠቅለያ እስከ 12 ዲግሪ ቢዘነብል መቆለፍ የለበትም፤ የተለመደው ዓይነት ከ27 ዲግሪ ካለፈ ግን የግድ መቆለፍ አለበት። አጋድሞ ይዞት «ነክሷል» ያለና ክዳኑን የከፈተ ሰው ጤነኛ ዕቃ ገደለ። የተጠመጠመው ሞላ አንዴ ተፈናጥሮ ከወጣ ጋራዥ ውስጥ በልኩ የሚመልሰው የለም። መኪናው ላይ እንደሚቆመው አቁሞ፣ ቀስ ብሎ ከዚያም በድንገት ስቦ የሚፈትነውን ሳይ ልቤ ያርፋል።

ጠርዙ የተተረተረ ጥብጣብ ልብስ ሰፊ ጋ አይላክም። ያው ደንብ ጥብጣቡ ሳይበጠስ 14.7 ኪሎኒውተን፣ ማለትም የ1,500 ኪሎ ያህል ጭነት እንዲችል ይጠይቃል፤ ይህን በሲንጀር መርፌ ማን ይመልሰዋል?

ቡሎኑም ብዙ ይናገራል። የቀበቶ ማሰሪያ ቡሎን ጥርሱ በአብዛኛው በኢንች ነው፤ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ገደማ። ከቆርቆሮ የተለቀመ ባለ 10 ይላላል፤ ባለ 12ን በግድ ያስገባ ደግሞ ጥርሱን ይበላዋል። በልኩ ከጠበቀ በኋላም የትከሻው ቀለበት በእጅ ሲገፉት መዞር አለበት። ድርቅ ካለ አንድ ሮንዴላ ያለቦታው ገብቷል ወይም ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል።

ቀበቶው በባሩድ የሚሠራ ማጥበቂያ ካለው ባትሪው ሳይነቀልና መመሪያው የሚያዘው ደቂቃ ሳይጠበቅ ሶኬቱ አይነካም፤ በቴስተር መለካትማ ጨርሶ ክልክል ነው። ሞተሩ ሲነሣ የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ እጠረጥራለሁ፤ አንዳንዱ ጥፋቱን ትቶ መብራቱን ይነቅላል።

ምትኩ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የመጣ አሮጌ ከሆነ ጥብጣቡን እስከ ጥግ እመዝዘዋለሁ። ቀለበቱ በሚያርፍበት ቦታ ቀልጦ የሚያብለጨልጭ መስመር ካለ ግጭት ያየ ነው፤ በነፃም አልወስደውም። የወጣውንም አስመልሳለሁ። አንዳንድ መካኒክ ሳልጠይቀው፣ ማንም መልሶ እንዳይሸጠው ጥብጣቡን ፊቴ በመቀስ ይቆርጠዋል። የሚቀጥለውን ሥራ የምወስደው ለእሱ ነው።