ስለ ርቀት ትምህርትና ስለ አሠሪዎች ፍርድ

ብዙ አሠሪዎች የሥራ ፈላጊውን ማስረጃ ሲቀበሉ አስቀድመው የሚመለከቱት በመደበኛ መማሩን ነው። «በርቀት» የሚል ቃል ያገኙ እንደ ሆነ ግን ፊታቸው ይለወጣል፤ ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብለው፥ ባለቤቱን አንድ ነገር እንኳ ሳይጠይቁ ወረቀቱን ወደ ጎን ያኖሩታል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

መቼም አሠሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የቤት ሥራውን በገንዘብ የሚያሠራ ተማሪ፥ ክፍያውን እንጂ ትምህርቱን የማይቈጣጠር ትምህርት ቤትም አለና። መንግሥት በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የርቀት ትምህርት እንዲቆም ማዘዙ፥ በኋላም መልሶ መፍቀዱ ይታወሳል፤ የታዘዘበትም ምክንያት የጥራት ጉድለት ነበር።

ሆኖም የአሠሪው ስሕተት መጠርጠሩ አይደለም፤ ሳይመረምር መፍረዱ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ከሕክምና በቀር ለዲግሪ ፈተና የሚቀርበውን ሰው በየትኛው ኮሌጅ እንደ ተማረ መጠየቁን ተወ፤ ፈተናውን ግን አላቀለለም። ኔልሰን ማንዴላም ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1989 የሕግ ዲግሪ ሲቀበሉ ገና እስረኛ ነበሩ። ታዲያ ክፍል ገብተው አልተማሩም ተብሎ ዕውቀታቸው ሊናቅ ነውን?

በእኛም አገር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ አሠሪም የአንድ ወር ሒሳብ ሰጥቶ ያዘጋውና ይመልከት። ቀን ሲሠራ ውሎ፥ ማታ ያለ ቀስቃሽና ያለ ተቈጣጣሪ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው፥ አለቃው በሌለበትም ሥራውን የሚሠራ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል? አሠሪው ሳይመረምር የሚያባርረው እንዲህ ያለውን ሰው ጭምር ነው።

አንተም ወጣት አንባቢ፥ በርቀት የምትማር ከሆንህ ይህን ልብ በል። ሌላ ሰው በጻፈልህ መልስ የምታገኘው ማርክ የሚጎዳው አንተን ብቻ አይደለም። አንተ የተቀጠርህበት መሥሪያ ቤት አለማወቅህን ባየ ጊዜ፥ ከአንተ በኋላ በሐቅ ተምሮ ለሚመጣው ወንድምህ ደጁን ይዘጋበታል። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ማለት ይህ ነው። አሠሪው ደረቁን ከእርጥቡ ለይቶ የማየት ግዴታ አለበት፤ የአንተ ግዴታ ደግሞ ደረቅ ሆነህ አለመገኘት ነው።