ስም ቁልፍ አይሆንም

ጀማሪው የኤክሴል ሺቱን ከፍቶ ቪሉክአፕ ሲሠራለት፣ ማክሰኝትም ሆነ ባሕር ዳር፣ አጠገቡ ያሉት ሁሉ «አቤት ጉብዝና!» ይላሉ። ሙገሳው ያናድደኛል። መልስ መምጣቱን እንጂ የመጣው መልስ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

የቪሉክአፕ አራተኛው ቦታ ባዶ እንደማይተው፣ ሠንጠረዡም በዶላር ምልክት እንደሚታሰር ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ኤክስሉክአፕ ሳይነገረው ትክክለኛውን ብቻ ስለሚፈልግ አንዱን ጣጣ አቃሎታል። እኔ መጀመሪያ የማየው ፎርሙላው ምን ይዞ እንደሚፈልግ፣ ማለትም ቁልፉን ነው። ስም ይዞ ከሆነ አልረከበውም።

የማዳበሪያ ዝርዝር እንውሰድ። አንዱ ሺት ከቀበሌ፣ ሌላው ከኅብረት ሥራ ማኅበር ይመጣል። ቀበሌው «ኃይሉ» ጽፏል፣ ማኅበሩ «ሀይሉ»። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው መለያ ያላቸው ፊደላት ናቸው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እንዲሁ ተለያይተው ነው የገቡት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ አራት ሰው ይሆናሉ። ገብረ ሥላሴ አንዱ ጋ ገ/ሥላሴ፣ ሌላው ጋ ገ/ስላሴ ነው።

ስሞቹ ሳይገናኙ ቀርተው ኤን/ኤ ሲመጣባቸው ደንግጠው በኢፍኤረር ዜሮ የሚያደርጉትን አልታገሥም። ዜሮ ገበሬው ምንም አልጠየቀም ማለት ነው፤ ኤን/ኤ ደግሞ አላገኘሁትም ማለት ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ሪፖርት አያዘጋጅልኝ።

የባሰው ስሙ ሲገኝ ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለት አበበ ካሣ ካሉ ቪሉክአፕ ከላይ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ለሁለተኛው አበበ የመጀመሪያው ዩሪያ ይጻፍለታል፤ ስሕተት የሚል ምልክት እንኳ አይታይም። ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ለመቀየር ሰብስቲትዩት በሰብስቲትዩት ላይ የደረቡ ፎርሙላ ያሳዩኛል። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ፊደሉን ያስተካክላል፣ ሁለቱን አበበዎች ግን አይለይም። የአያት ስም መጨመርም ችግሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሥራ ስትረከቡ በቁልፉ ዓምድ እያንዳንዱ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደገባ ቁጠሩ፤ ከ1 የበለጠ አንድ እንኳ ካለ መልሱት። ቀጥሎ ያልተገኙትን ጠይቁ። ጎበዝ ሠራተኛ ለብቻ አውጥቶ፣ ምክንያቱን አጠገባቸው ጽፎ ያስረክባል። «ሁሉም ተገኝቷል» የሚለኝን ሁለቴ እፈትሻለሁ።

በስም ፈንታ በመለያ ቁጥር መፈለግን ያስተማሩኝ ማክሰኝት ላይ የማኅበር መዝገብ ይይዙ የነበሩ ጋሼ ናቸው። ኤክሴል ነክተው አያውቁም። ገበሬው ስሙን ሊናገር ሲጀምር «ስምህ ይቆይ፣ ቁጥርህን» ይሉታል። ቁጥሩ ከጠፋበት የአባቱን ስም፣ ጎጡን ጠይቀው ራሳቸው ይፈልጉለታል። የሞተ አባል ቁጥር ለሌላ አይሰጡም ነበር፤ ልጁ ቢተካ እንኳ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። ዛሬ ኮርስ ወስደው የመጡ ልጆች ይህን ሲያፈርሱ አያለሁ፤ ረድፍ ተሰርዞ ቁጥሩ ወዲያው ለሌላ ይሰጣል።

ባሕር ዳር አብራኝ የሠራች እኅት ደግሞ መለያ ቁጥርን ሁልጊዜ በጽሑፍነት ነበር የምታስገባው። 00417 በቁጥርነት ከገባ 417 ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ አይገናኝም። አሁን የፋይዳ መታወቂያ ሲመጣ ጥንቃቄዋ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይይዝ ካርዱ ላይ ያለው 16 አሃዝ በቁጥርነት ከተጻፈ የመጨረሻው ወደ ዜሮ ይቀየራል። ስለዚህ ዓምዱን ጽሑፍ አድርጉት፤ ያውም አንዱም ቁጥር ከመግባቱ በፊት፣ የጠፋው አሃዝ በኋላ ስለማይመለስ።