ተመሳሳዩን አምጣ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከማይጠፉ ነገሮች አንዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ማጥኛ ነው። አንዳንዱ ታትሞ፣ አንዳንዱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በስቴፕለር ተመትቶ ይሸጣል። ቃል፣ ተመሳሳይ፣ ተቃራኒ፤ በቃ ሦስት ዓምድ። አንዱን ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

መቼም ቃል ማጥናት ነውር የለውም። የእኔ ጠብ ከእኩል ምልክቱ ጋር ነው። ጥራዙ «ስሊም» እና «ስኪኒ» አንድ ናቸው ይላል። ሁለቱም ቀጭን ናቸው፣ እውነት ነው። ግን አንዲትን ሴት «ስሊም» ብትሏት ታመሰግናለች፤ «ስኪኒ» ብትሏት ከሲታ ማለታችሁ ነው። «ቢግ» እና «ላርጅ»ም እኩል ተደርገዋል። «ቢግ ብራዘር» ታላቅ ወንድም ነው፤ «ላርጅ ብራዘር» ያለ ልጅ ግን ስለ ወንድሙ ውፍረት ማውራቱ ነው። የተቃራኒው ዓምድ ይብሳል። ለ«ኦልድ» የተሰጠው ተቃራኒ «ያንግ» ብቻ ነው። ይህን የሸመደደ ልጅ አዲስ ጫማውን «ያንግ» ቢለው ማን ይፈርድበታል? እኛ ለሰው ሽማግሌና ወጣት፣ ለዕቃ አሮጌና አዲስ ብለን ለይተናል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚሸከም፣ ተቃራኒው የሚታወቀው አጠገቡ ያለው ቃል ሲታይ ነው።

የእኛውስ ቢሆን? ቄሱ አረፉ፣ ወታደሩ ተሰዋ፣ በሬው ሞተ እንላለን። በሬው አረፈ ካላችሁማ ከቀንበር ተፈትቶ ሣር እየጋጠ ነው!

የሚገርመኝ ይህ የሚሆነው ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ባሉበት በጎጃም መሆኑ ነው። የቅኔ ተማሪም እኮ «ቀተለ፣ ቀደሰ» እያለ ግስ ይሸመድዳል። ግን እዚያ አያቆምም። ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ያጠናውን ቃል በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ውስጥ ያስገባና ለመምህሩ ይነግራል። ቃሉ ካለቦታው ከገባ እዚያው ይታረማል። ሰምና ወርቁም አንድ ቃል ሁለት ፍቺ መሸከሙን ለማያውቅ አይታሰብም። ሐዲስ ዓለማየሁ በዋሽንግተንና በለንደን አገራቸውን ከመወከላቸው በፊት ያለፉት በዚህ ትምህርት ነው። (ቅኔ እንግሊዝኛ አስተማራቸው አላልኩም።)

የማቻከል ወይም የስናን ገበሬ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ፣ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ባዮሎጂውን ለማንበብ የሚያስፈልገው «ዜርፎር»፣ «አንለስ»፣ «ዲፔንድ» ነው። ጥራዙ ግን ለ«ትልቅ» ብቻ «ጂጋንቲክ»፣ «ኮሎሳል»፣ «ኢመንስ» እያለ ይደረድርለታል። ልጁ አምስቱንም ይወጣዋል፤ «ይህ አንቀጽ አልገባኝም» ብሎ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ግን አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ ለዚህች ጥራዝ አላሸክምም። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በግጭቱ ትምህርት ቤቱ ለተዘጋበት ልጅ እሷው መምህር ሆና ሰንብታለች፤ መምህር ደግሞ ያርማል እንጂ እኩል ምልክት ብቻ አያሰምርም።

ዓምዶቹ ይቅሩ አልልም። ከሥራቸው ግን ባዶ መስመር ይተውላቸው። ልጁ «ኩል»፣ «ኮልድ»፣ «ፍሪዚንግ» የሚሉትን ይዞ ስለ ጮቄ ብርድ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የጮቄን ንጋት «ኩል» ብሎ የመጣ ካለ፣ መምህሩ ጠርቶ ስንት ጋቢ ደርቦ እንደነበር ይጠይቀው።