ሠላሳ ስድስተኛው ክፍል
«ካራቴ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጡጫና ጩኸት ነው። ላው ካርለንግ እ.ኤ.አ. በ1978 በሆንግ ኮንግ ያዘጋጀው «የሻኦሊን 36ኛው ክፍል» ግን ይበልጥ የሚያተኩረው በልፋት ላይ ነው። ሳን ቴ (ተዋናዩ ጎርደን ሊዩ) ክንዶቹን ዘርግቶ የውሃ ባልዲ ይሸከማል፤ ክንዱ ከዛለ የታሰረበት ስለት ጎኑን ይወጋዋል። እዚህ ላይ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ፣ የግርጌው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያመለጠው የኢተያ ገበሬ እንኳ አይቸገርም፤ ሸክምን ከስንዴ ማሳው ያውቀዋልና። ጽሑፉ የግድ የሚያስፈልገው ሳን ቴ 35ቱን ክፍሎች ፈጽሞ፣ ከገዳሙ ውጭ ያለው ተራ ሕዝብ የሚማርበት 36ኛ ክፍል እንዲከፈት ሲጠይቅ ነው። አዘጋጁ ይህን ጥያቄ በአጭሩ አልፎት ወደ በቀሉ ይጣደፋል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያላነበበ ተመልካች የበቀል ታሪክ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ልትጻፍለት የሚገባት እርሷ ነበረች።