120 ቀን ለየትኛው አፈር?

የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ስለ ፍግ አንድ ቀላል ቁጥር ይሰጣል። ያልተብላላ ፍግ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ በኋላ፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ እስከ መከሩ ቢያንስ 120 ቀን፣ ካልነካ 90 ቀን መጠበቅ አለበት። ቁጥሩ ለመያዝ ይቀላል። ችግሩ ግን ባክቴሪያ ቀን አይቆጥርም።

የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙትን የመስክ ጥናት እንመልከት። ሳልሞኔላ ያለበት ኮምፖስት በተጨመረበት አፈር ውስጥ ባክቴሪያው ሰላጣ በተዘራበት 161 ቀን፣ ፐርሰሜሎ በተዘራበት 231 ቀን ቆይቷል። ሰላጣው ላይ እስከ 63 ቀን፣ ፐርሰሜሎው ላይ ግን እስከ 231 ቀን ተገኝቷል።

ጥናቱንም ዝም ብለን አንቀበለው። በአንድ ግራም ኮምፖስት 10 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሆን ተብሎ ተጨምሯል፤ ሲበዛ ደግሞ ለመጥፋት ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ 231 ቀን የሁሉም እርሻ ልክ አይደለም። ቢሆንም የ120 ቀኑ አጥር ሊዘለል እንደሚችል ያሳያል። ደንብ ደግሞ የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው።

ደንቡ የአየሩንና የአፈሩን ነገርም አይጠይቅም። ላይ የቀረውን ፍግ ፀሐይና ድርቀት ይጎዱታል፤ የተቀበረው ግን ከፀሐይ ተጠልሎ እርጥበት ያገኛል። ቅዝቃዜም የባክቴሪያውን ዕድሜ ያራዝማል። የኔጌቭ በጋና ዝናባማው የገሊላ ክረምት በአንድ ቁጥር እንዴት ይለካሉ?

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ለሌላ ደንብ 9 ወር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ተቃውሞ ሲበዛበት በ2014 አነሳው፤ በ2015 የወጣው ደንብም ጥያቄውን እንዳንጠለጠለው አለፈ። በእኔ አስተያየት 9 ወሩም ያው ነው፤ ቁጥሩ ረዘመ እንጂ አስተሳሰቡ አልተለወጠም።

የተሻለው መለኪያ እዚያው የኦርጋኒክ ደንብ ውስጥ አለ። ሜዳ ላይ የሚከመር ኮምፖስት ከ55 እስከ 77 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ለ15 ቀን ይዞ፣ በዚያ ጊዜ ቢያንስ 5 ጊዜ መገላበጥ አለበት። የሚገላበጠው የክምሩ ውጪ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ይሄ በቴርሞሜትር ይረጋገጣል።

በሰፈር አትክልት ቦታ ለሚያለሙ ወገኖቻችንም ነገሩ ቅርብ ነው። ጎመኑ ይቀቀላል፤ ቃሪያውና ሰላጣው ግን በጥሬው ይበላል። ፍግ ሻጩ «ቆይቷል እኮ!» ሲል «ስንት ዲግሪ ደርሶ ነበር? ስንቴስ ተገላበጠ?» ብለን እንጠይቀው።