ቀይስና ለይላ እንዴት ሮሚዮና ጁልዬት ሆኑ?

ሐርጌሳ መካከል አንድ ሚግ አውሮፕላን በሐውልትነት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ከከተማይቱ ከራሷ ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን ደበደቧት። የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች የሚመጣውን ጠርጥረው የዘፈን ካሴቶችን ገሚሱን ወደ ኢትዮጵያና ወደ ጅቡቲ አሻግረው፣ ገሚሱን መሬት ቆፍረው ቀብረውት ነበር። ኦስቲናቶ ሬከርድስ በ2017 ያሳተመው «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» ከዚያ ቅርስ የተቀዳ ነው፤ ካሴቶቹን ያሰባሰበው የሐርጌሳ የባህል ማእከል ከ10,000 በላይ ይዟል።

አልበሙ ለግራሚ ሽልማት በታሪካዊ አልበም ዘርፍ ታጭቷል። ከዚያ የሚበልጠው ግን የዓለምን ጆሮ መለወጡ ነው። ስለ ሶማሌ ከጦርነትና ከረሃብ በቀር ሰምቶ የማያውቅ አድማጭ የኢፍቲን ባንድን ናስና ኪቦርድ፣ የሂቦ ኑራን ጠራ ያለ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። «ኢትዮፒክስ» ለእኛ ያደረገውን ይህ አልበም ለሶማሌዎች አድርጓል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም፦ የአዲስ አበባው ሙዚቃ አሳታሚ ነጋዴና የሸክላ ገበያ ነበረው፤ የሶማሌው ግን በመንግሥት እጅ ስለ ነበር የተረፈው በሬዲዮ ቴፕና እጅ በእጅ በተባዛ ካሴት ነው። ድምፁ አልፎ አልፎ መሻከሩም ከዚህ የመጣ ነው፤ ጆሮን አይጎዳም።

ቅሬታው ሌላ ነው። ፋዱማ ቃሲም ከሸረሮ ባንድ ጋር የተጫወተችው «ቀይስ ኢዮ ለይላ» በእንግሊዝኛው ርእስ «ሮሚዮና ጁልዬት» ተብሏል። ቀይስ ግን በሁለት ቤተሰብ ጠብ መካከል የወደቀ የጣሊያን ጎረምሳ አይደለም፤ በፍቅር አብዶ በረሃ የገባ ዐረብ ባለቅኔ ነው፤ ታሪኩም ከሼክስፒር መወለድ እጅግ አስቀድሞ ሲነገር የኖረ ነው። ተርጓሚው ለባዕድ አንባቢ አዝኖ ይሆናል፤ ይሁንና ባዕዱን ወደ በረሃው መውሰድ ሲገባው ዘፋኟን ወደ ቬሮና ወስዷታል።

ምርጫውም እንደ ትርጉሙ ነው። የሚያመዝነው ለምዕራባዊ ጆሮ ቶሎ የሚገባው፣ ለዳንስ የሚያነሣሣው የሞቃዲሾ ባንዶች ድምፅ ነው። ሐርጌሳ ግን የዑድና የቀራሚ ከተማ ናት፤ አብዱላሂ ቀርሼ በዑዱ የሶማሌን ዘመናዊ ዘፈን መሠረት የጣለባት ናት። አልበሙ የያዘው ዐሥራ አምስት ዘፈን ብቻ ነው። ዑድ ብቻ የሚሰማበት ሁለተኛ አልበም ከዚያው ከሐርጌሳ መደርደሪያ ሊወጣ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ርእሶቹን የሚተረጉመው ሰው ለይላን በስሟ ይጥራት።